የሞተር አልጠፋም ማለት

የሞተር አልጠፋም ማለት የቤንዚን ሞተር ቁልፉ ተዘግቶ የካንዴላው እሳት ከተቋረጠ በኋላም እየተንገጫገጨ መዞሩን የሚቀጥልበት ብልሽት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ሰከንዶች ይቆያል፤ አንዳንዴ ግን ከዚያ ይረዝማል። የሚታየው በተለይ ካርቡራተር ባላቸው አሮጌ መኪናዎች ላይ ነው። በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ለረጅም ዘመን ካገለገሉት መካከል ቮልስዋገን ቢትል («ቮልስ»)፣ ፊያት 124፣ ላዳ፣ ፔጆ 404 እና ፔጆ 504 የዚህ ወገን ናቸው። በውጭ አገር መካኒኮች ዘንድ ብልሽቱ «ዲዝሊንግ» ወይም «ራን ኦን» በሚሉ ስሞች ይታወቃል።

የብልሽቱ መሠረት ቀላል ነው። ሞተር ለመሥራት አየር፣ ነዳጅ እና መለኮሻ ያስፈልጉታል። በአሮጌ መኪና ቁልፍ የሚዘጋው መለኮሻውን ብቻ ነው፤ አየሩና ቤንዚኑ ክፍት እንደሆኑ ይቀራሉ። በሞተሩ ውስጥ ድብልቁን ሊያቀጣጥል የሚችል ሙቀት ካለ፣ ካንዴላው ባይሠራም ሞተሩ ይሠራል። ስለዚህ አልጠፋም የሚል ሞተር ሁለት ነገሮችን ይናገራል፤ አንድ ቦታ ከመጠን ያለፈ ሙቀት አለ፣ ወይም ከሚያስፈልገው በላይ አየርና ቤንዚን እየገባ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ላይ ይገኛሉ።

እንዴት ይከሰታል

ቁልፉ ሲዘጋ ሞተሩ በቅጽበት አይቆምም። ቮላኖው ባለው ጉልበት ጥቂት ዙር ይዞራል። በእነዚህ ዙሮች ፒስተኖቹ አየርና ቤንዚን መሳባቸውንና መጭመቃቸውን ይቀጥላሉ። ጤነኛ ሞተር ላይ የተጨመቀው ድብልቅ ሳይቃጠል ይወጣል፤ ሞተሩም ይቆማል።

ድብልቁ ያለ ካንዴላ በሁለት መንገድ ሊቀጣጠል ይችላል። አንደኛው በጋለ ገጽ ነው። በቃጠሎ ክፍሉ ውስጥ የተጋገረ ካርቦን፣ ከልክ በላይ የጋለ የካንዴላ ጫፍ፣ ወይም የጭስ ማውጫ ቫልቭ ጠርዝ እንደ ፍም ሆኖ ድብልቁን ይለኩሳል። ሁለተኛው በመጨመቅ ሙቀት ነው። ማንኛውም አየር ሲጨመቅ ይግላል። የመጭመቅ ልኩ 8.5 በሆነ የሞቀ ሞተር ውስጥ ድብልቁ በመጨመቁ ብቻ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊደርስ ይችላል።

ይህ ሙቀት ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ችግር የማያመጣው ጊዜ ስለማይኖረው ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር አንድ የመጭመቅ ምት የሚወስደው አንድ መቶኛ ሰከንድ ነው። ሊቆም ተቃርቦ በደቂቃ 300 ዙር ሲዞር ግን ያው ምት አንድ አሥረኛ ሰከንድ፣ ማለትም አሥር እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። ድብልቁ በራሱ ለመቀጣጠል የሚያስፈልገውን ጊዜ ያገኛል። አልጠፋም የሚል ሞተር ዘወትር በዝግታ፣ እየተንገጫገጨና እየዘለለ የሚዞረውም ስለዚህ ነው። አንድ ሲሊንደር ይተኩስና ያዞረዋል፤ ዙሩ ሊያልቅ ሲል ሌላው ይተኩሳል።

«ዲዝሊንግ» የሚለው ስም ከናፍጣ ሞተር የመጣ ነው፤ የናፍጣ ሞተር ያለ ካንዴላ በመጭመቅ ሙቀት ይሠራልና። ስሙ ግን ሁሉንም አይገልጽም፤ በቤንዚን ሞተር ላይ የጋሉ ገጾችም ድርሻ አላቸው።

ቤንዚን በመርፌ የሚረጩ (ኢንጀክሽን ያላቸው) አዳዲስ መኪናዎች ይህ ብልሽት የማይታይባቸው ቁልፉ ሲዘጋ መርጫዎቹ ስለሚዘጉና የነዳጅ ፓምፑም ስለሚቆም ነው። ሙቀት ቢኖርም የሚቃጠል ነገር የለም።

ከሌላ ብልሽት መለየት

ፍተሻ ከመጀመሩ በፊት ሞተሩ በእርግጥ ያለ ካንዴላ እየሠራ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የቁልፉ ስዊች ካረጀ፣ ሽቦ ከተነካካ፣ ወይም በኋላ የተጨመረ ሪሌ ወይም የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ወደ ኮይሉ መብራት ከመለሰ፣ ቁልፉ ተዘግቶም ካንዴላው መተኮሱን ይቀጥላል። ይህ የመብራት ብልሽት ነው፤ መፍትሔውም ሌላ ነው።

ሁለቱ በጆሮ ይለያሉ። የመብራት ብልሽት ሲሆን ሞተሩ ምንም እንዳልተደረገ በተስተካከለ ድምፅ ይሠራል፤ ነዳጅ ሲሰጠውም በደንብ ይነሣል። አልጠፋም ማለት ሲሆን ድምፁ የተቆራረጠ ነው፤ መኪናው በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ይሸታል።

ጆሮ ካልበቃ የመፈተሻ አምፖል ይበቃል። የአምፖሉ አንድ ጫፍ የሞተሩ ብረት ላይ፣ ሌላው ጫፍ ከቁልፉ ወደ ኮይሉ በሚመጣው ቀጭን ሽቦ ላይ ይያዛል። ቁልፉ ተዘግቶ አምፖሉ ከበራ ጥፋቱ የመብራት ነው። ከጠፋና ሞተሩ ግን መዞሩን ከቀጠለ ጥፋቱ የሙቀት ወይም የነዳጅ ነው። አምፖሉ ከመኪናው ባትሪ ጋር መስማማት አለበት፤ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በፊት የተሠሩ ብዙ ቮልሶች 12 ሳይሆን 6 ቮልት ናቸው። ወፍራሙን የካንዴላ ሽቦ በእጅ እየነቀሉ መሞከር ግን ሰውን በመብራት ይመታል፤ ኮይሉንም ይጎዳል።

ጉዳቱ

ለሁለት ወይም ለሦስት ሰከንድ የሚቆይ መንገጫገጭ ወዲያው ሞተር አይሰብርም፤ ምልክትነቱ ግን ቸል የሚባል አይደለም። ቃጠሎው በትክክለኛው ጊዜ ስለማይሆን ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ይመታዋል። ይህ በፒስተኑ፣ በቢየላው፣ በብሮንዚናውና በሞተሩ መያዣ ጎማዎች ላይ ያርፋል።

ከሁሉ የከፋው ሞተሩ ወደ ኋላ ሲዞር ነው። ሊቆም በተቃረበ ሞተር ላይ ቃጠሎው ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ከመታው፣ ሞተሩ አቅጣጫውን ሊቀይር ይችላል። ያን ጊዜ የዘይት ፓምፑም ወደ ኋላ ስለሚዞር ወደ ብሮንዚናዎቹ ዘይት አይደርስም። የማስገቢያና የማስወጫ ቫልቮች ሥራም ይገለበጣል፤ ትኩሱ ጭስ በማርሚታ ፋንታ በካርቡራተሩ በኩል ይወጣል። ከአየር ማጣሪያው ጭስ ሲወጣ ከታየ ይኸው ነው። በካርቡራተሩ አካባቢ ቤንዚን ስላለ የእሳት አደጋም ያስከትላል።

ሌላው አደጋ ከመኪናው ውጭ ነው። ቁልፉን ነቅሎ ከመኪናው የወረደ ሰው መኪናውን የጠፋ አድርጎ ይቆጥራል። ማርሽ ውስጥ የተተወ መኪና በእነዚያ ሰከንዶች ወደፊት ሊዘል ይችላል። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ እጁን ወደ ቺንጋው ያስገባ ሰውም ይጎዳል።

ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት

የእጅ ማርሽ ባለው መኪና ላይ አስተማማኙ ዘዴ ሞተሩን በማርሽ ማነቅ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

1. የእግር ፍሬኑን አጥብቆ መያዝ፤ የእጅ ፍሬኑንም መሳብ።
2. ፍሪሲዮን ረግጦ ከፍተኛውን ማርሽ (ሦስተኛ ወይም አራተኛ) ማስገባት። አንደኛ ማርሽ መኪናውን የመግፋት ጉልበቱ ትልቅ ስለሆነ አይመረጥም።
3. ቁልፉ እንደተዘጋ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ መልቀቅ። ሞተሩ ይታነቅና ይቆማል።
4. ማርሹን ወደ ዜሮ መመለስ።

ይህ በፊት ለፊት ሰው ወይም ዕቃ በሌለበት ይደረጋል። ዘዴው ሞተሩን ያቆማል እንጂ ብልሽቱን አይጠግንም፤ በየቀኑ መታነቅ የሚፈልግ መኪና ወደ ጋራዥ መሄድ ያለበት መኪና ነው።

ምክንያቶቹ

ከፍ ያለ ሚኒሞ። እግር ከነዳጅ ፔዳል ላይ ሲነሣ ሞተሩ የሚዞርበት ዝግ ያለ ዙር ሚኒሞ ይባላል። ሚኒሞው የሚወሰነው በካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ክብ መዝጊያ ምን ያህል ገርበብ ብሎ እንደሚቀር ነው። መዝጊያው በሰፊው ከተከፈተ ቁልፉ ሲዘጋም ብዙ አየርና ቤንዚን መግባቱን ይቀጥላል። ከምክንያቶቹ ሁሉ የተለመደውም፣ ለመጠገን ርካሹም ይኸ ነው። ሥሩ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ ሞተሩ በሌላ ጥፋት ምክንያት ሚኒሞ አልይዝም ሲል ጥፋቱን ከመፈለግ ይልቅ ቪቱን አጥብቆ ዙሩን ከፍ ማድረግ የተለመደ ነው። መኪናው መንገድ ላይ መጥፋቱን ይተዋል፤ በምትኩ ቤት ሲደርስ አልጠፋም ይላል።

የተዛባ ታይሚንግ። እሳቱ ከሚገባው ዘግይቶ ሲተኩስ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ሚኒሞውን ለማስተካከል መዝጊያው ይበልጥ ይከፈታል፤ የጭስ ማውጫው ወገንም ይግላል። ከሚገባው ቀድሞ ሲተኩስ ደግሞ የቃጠሎ ክፍሉ ሙቀት ይጨምራል፤ ሞተሩም ዳገት ላይ ይንኳኳል። የፑንቲናው ክፍተት በአጠቃቀም ብዛት ስለሚለወጥ ታይሚንጉም አብሮ ይዛባል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ፑንቲና ቀድሞ ታይሚንግ ተከትሎ ይስተካከላል።

ካርቦን። ረጅም ርቀት ሳይነዳ በከተማ ውስጥ ብቻ የሚመላለስ፣ ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ የሚያቃጥል፣ ወይም የፒስተን ፋሻው አልቆ ዘይት የሚበላ ሞተር ካርቦን ያጠራቅማል። ካርቦኑ የቃጠሎ ክፍሉን ስለሚያጠብ የመጭመቅ ልኩን ይጨምራል፤ ሙቀትም ይዞ ያቆያል፤ ጫፉም ሊፍም ይችላል።

የማይስማማ ካንዴላ። ካንዴላዎች ሙቀትን በሚያስወጡበት ፍጥነት ይለያያሉ። ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወጣው «ቀዝቃዛ»፣ የሚያቆየው «ሞቃት» ይባላል። ከሚገባው በላይ ሞቃት የሆነ ካንዴላ ጫፉ ግሎ ይቀራል። እዚህ ላይ የሚያሳስተው የቁጥር አሰጣጥ ነው። በኤንጂኬ ካንዴላ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል፤ በቦሽ ካንዴላ ግን ቁጥሩ ሲጨምር ይሞቃል። የአንዱን ቁጥር ይዞ የሌላውን መግዛት ሳይታወቅ ስህተት ውስጥ ይከታል።

ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ። በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ከተቀደደ ወይም የአየር ጎማ ቱቦ ከተሰነጠቀ ያልተለካ አየር ይገባል። ድብልቁ ይሳሳል፤ ቃጠሎው ይዘገያል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። ሚኒሞውም ይዋዥቃል።

የማቀዝቀዝ ጉድለት። በውሃ በሚቀዘቅዝ መኪና የራዲያተሩ መደፈን፣ የውሃ ማነስና የቴርሞስታት መበላሸት ዋነኞቹ ናቸው። ቮልስ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። የቬንትሌተሩ ቺንጋ መላላት፣ በሲሊንደሮቹ ክንፎች መካከል ዘይትና አቧራ መጋገር፣ እንዲሁም በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ቆርቆሮዎችና ጎማዎች መጉደል ሙቀቱን ይጨምራሉ። እነዚህ ቆርቆሮዎች ለጌጥ የተቀመጡ ስለሚመስሉ ሞተር ወርዶ ሲመለስ ሳይገጠሙ የሚቀሩበት ጊዜ አለ፤ ሥራቸው ግን ትኩሱን አየር ከቀዝቃዛው መለየት ነው።

የነዳጁ ዓይነት። የቤንዚን ኦክታን በራሱ እንዳይቀጣጠል ያለውን ችሎታ ይለካል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ኦክታኑ ስለሚወርድ በቀላሉ በራሱ ይቀጣጠላል። ማደያ በሌለበት ወይም ቤንዚን በጠፋበት ጊዜ በጀሪካን ተገዝቶ የተሞላ ቤንዚን ተከትሎ ብልሽቱ ከጀመረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ነዳጁ ነው።

የተላጠ ቴስታታ። ሞተር ሲግል ቴስታታው ይጣመማል፤ ጋራዥም ላጥ አድርጎ ያስተካክለዋል። በተላጠ ቁጥር ግን የቃጠሎ ክፍሉ ይጠባል። ለምሳሌ በላዳ 2101 ሞተር የእያንዳንዱ ሲሊንደር ይዘት 300 ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ፣ የመጭመቅ ልኩ 8.5፣ የቃጠሎ ክፍሉም 40 ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 76 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ግማሽ ሚሊ ሜትር መላጥ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ ሊቀንስ ይችላል፤ ያን ጊዜ የመጭመቅ ልኩ ወደ 9 ይጠጋል። ሁለት ሦስት ጊዜ የተላጠ ቴስታታ ያለው ሞተር ፋብሪካው የሠራው ሞተር አይደለም።

ከፍታና ሙቀት፦ የአዲስ አበባ–ባኮ መንገድ

አሮጌ ካርቡራተር የአየሩን ውፍረት አያውቅም። የተስተካከለበትን ቦታ ይዞ ይጓዛል። በኢትዮጵያ፣ መንገዶቹ በአንድ ቀን ከደጋ ወደ ቆላ ስለሚወርዱ፣ ይህ የብልሽቱን ጠባይ ለመረዳት ይጠቅማል። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ከአዲስ አበባ በሆለታ፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ በኩል ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ነው።

አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አምቦ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፤ ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ 77 ከመቶ ያህል ይሆናል። መንገዱ ከጌዶ በኋላ ወደ ጊቤ ሸለቆ ወገን ይወርዳል። ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ባኮ 1,650 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን የአየር ግፊቷ ወደ 82 ከመቶ ከፍ ይላል። አየሯም ከአዲስ አበባ ይሞቃል።

በአዲስ አበባ የሚስተካከል ሞተር አየሩ ስስ ስለሆነ ሚኒሞ እንዲይዝ መዝጊያው ትንሽ ሰፋ ይደረግለታል። ያው መኪና ባኮ ሲደርስ በዚያው ክፍተት ከአዲስ አበባው በ9 ከመቶ ገደማ በበለጠ ግፊት አየር ይገባበታል። ሚኒሞው ማንም ሳይነካው ከፍ ይላል። ሲሊንደሩ ይበልጥ ይሞላል፤ በመጭመቂያው ጊዜ የሚደርስበት ግፊትም ይጨምራል። በዚህ ላይ የረጅም ጉዞው ሙቀትና የአካባቢው ሙቀት ይደመራሉ።

ልዩነቱ ብቻውን ትልቅ አይደለም፤ ጤነኛ ሞተር አይነካውም። ካርቦን የያዘ፣ ሚኒሞው ከፍ ያለ፣ ካንዴላው የማይስማማ ሞተር ግን ቀድሞም ጫፍ ላይ ስለሆነ ትንሹ ልዩነት ይበቃዋል። «አዲስ አበባ በደንብ ይጠፋ ነበር፣ ባኮ ስደርስ ነው አልጠፋም ያለው» የሚል አሽከርካሪ ያየው ነገር እውነት ነው። ጥፋቱ ግን ባኮ ላይ አልተፈጠረም፤ ባኮ ላይ ታየ።

በተቃራኒው በባኮ የተስተካከለ መኪና ወደ ጌዶና አዲስ አበባ ሲወጣ ሚኒሞው ዝቅ ይላል፤ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። ይህ ጥቁረት በጊዜ ብዛት ካርቦን ይሆናል። በሁለቱ መካከል የሚመላለስ መኪና ሚኒሞው በዝቅተኛው ቦታ፣ ሞተሩ ሞቆ ሳለ፣ ሳይጠፋ ሊይዝ በሚችለው ዝቅተኛ ዙር ቢስተካከል ይሻላል። ዳገቱ ላይ ቪቱን በሩብ ዙር መንካት ቀላል ነው።

የፍተሻ ቅደም ተከተል

ፍተሻው ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ሳይፈታ ከሚታየው ወደሚፈታው መሄድ አለበት። ብዙ ጊዜ ከአራተኛው ደረጃ ሳይታለፍ መፍትሔ ይገኛል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መንካትና መኪናውን ነድቶ አሙቆ መሞከር ያስፈልጋል፤ ሦስት ነገር አብሮ የነካ ሰው የቱ እንደጠገነው አያውቅም።

1. መብራቱን ማረጋገጥ። ከላይ እንደተገለጸው ቁልፉ ተዘግቶ ወደ ኮይሉ የሚሄድ መብራት አለመኖሩን ማየት።
2. ነዳጁን ማስታወስ። ብልሽቱ ከየት ከተሞላ ቤንዚን በኋላ ጀመረ? ከተጠረጠረ ታንኩ እስኪጎድል ነድቶ ከታመነ ማደያ መሙላት።
3. ሚኒሞውን መለካት። ሞተሩ ሞቆ፣ ቾኩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ ዙሩ በመኪናው መመሪያ ከተጻፈው ጋር ይነጻጸራል። ለብዙዎቹ የዚያ ዘመን መኪናዎች ከ700 እስከ 900 ዙር በደቂቃ አካባቢ ነው። ቾኩ ወይም የነዳጅ ገመዱ ተይዞ መዝጊያውን ክፍት አድርጎት እንደሆነም ይታያል። ሚኒሞው ወደ ልኩ ሲወርድ ሞተሩ የሚጠፋ ከሆነ ቪቱን መልሶ ማጥበቅ ሳይሆን ወደሚቀጥለው ደረጃ መሄድ ነው።
4. ካንዴላዎቹን ነቅሎ ማንበብ። ቀላል ቡናማ ከሆኑ ድብልቁም ሙቀቱም ደህና ነው። ነጭ ከሆኑ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል ወይም ድብልቁ ሳስቷል። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ እርጥብና ቅባታማ ጥቁረት ዘይት መግባቱን ይናገራል። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ከተለየ ጥፋቱ በዚያ ሲሊንደር ነው። ቁጥራቸውም ከመመሪያው ጋር ይመሳከራል።
5. ፑንቲናና ታይሚንግ። የፑንቲናው ክፍተት ከተስተካከለ በኋላ ታይሚንጉ በመብራት ይለካል፤ በጆሮ ብቻ ማስተካከል ለብዙ ስህተት ይዳርጋል።
6. የአየር መግቢያ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በካርቡራተሩና በጓርኒሲዮኖቹ ዙሪያ የፉጨት ድምፅ መኖሩ ይደመጣል፤ የጎማ ቱቦዎቹ ይታያሉ። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን እየረጩ መፈተሽ እሳት ያስነሣል።
7. ማቀዝቀዣው። ውሃው፣ ራዲያተሩ፣ ቺንጋው፣ በቮልስ ደግሞ ክንፎቹና ቆርቆሮዎቹ። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም።
8. የነዳጅ መዝጊያ ቫልቩ፣ ካለ (ቀጥሎ ይመልከቱ)።
9. የመጭመቅ ግፊት። በመለኪያ ሲለካ ከሌሎቹ ጎልቶ የሚበልጥ ሲሊንደር ካርቦን የያዘ ሊሆን ይችላል። ቴስታታ አስወርዶ ካርቦኑን መፋቅ የመጨረሻው ሥራ ነው። ያን ጊዜ ቴስታታው ስንት ጊዜ እንደተላጠም ይጠየቃል።

እስኪጠገን ድረስ የሚረዳ ልማድም አለ። ከዳገት ወይም ከረጅም ጉዞ በኋላ ቁልፉን ወዲያው ከመዝጋት ይልቅ ሞተሩን ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ማሠራት የቃጠሎ ክፍሉን ያበርደዋል።

የነዳጅ መዝጊያ ቫልቭ

ፋብሪካዎች ለዚህ ብልሽት የሰጡት ዋነኛ መልስ ቁልፉ ሲዘጋ ነዳጁንም የሚዘጋ ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቭ ነው። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ በተሠሩ ብዙ ቮልሶች ሶሌክስ ካርቡራተር ጎን ላይ፣ አንድ ሽቦ የገባበት የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ሲሊንደር ሆኖ ይታያል። ቁልፉ ሲከፈት ውስጡ ያለው መርፌ ይሳብና የሚኒሞ ቤንዚን ያሳልፋል፤ ሲዘጋ መርፌው ተመልሶ ይዘጋል። በኋለኞቹ የላዳ ካርቡራተሮችም ተመሳሳይ ቫልቭ አለ።

መፈተሻው ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ ሽቦው ሲነቀልና ሲመለስ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ሽቦው ሲነቀል ደግሞ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ቫልቩ አይዘጋም፤ ወይም መዝጊያው ከመጠን በላይ ስለተከፈተ ቤንዚኑ በሌላ ቀዳዳ እየገባ ነው።

ቫልቩ ሲበላሽ ሞተሩ ሚኒሞ አልይዝም ስለሚል፣ አዲስ ከመግዛት ይልቅ መርፌውን ቆርጦ ሁልጊዜ ክፍት ማድረግ የታወቀ አቋራጭ ነው። ሚኒሞው ይመለሳል፤ አልጠፋም ማለቱ ግን አብሮ ይመጣል። በሌላ በኩል ሙቀት የበዛበት ሞተር ላይ ቫልቭ ብቻ መግጠም ምልክቱን ይደብቃል። ሞተሩ ይጠፋል፤ ያጋለው ምክንያት ግን ሥራውን ይቀጥላል።

ታሪክ

ብልሽቱ ከካርቡራተር ሞተር ጋር የኖረ ቢሆንም በስፋት የተነገረለት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በአሜሪካ በ1970 እ.ኤ.አ. የንጹሕ አየር ሕግ ከጸደቀ በኋላ ፋብሪካዎች የጭሱን መርዛማነት ለመቀነስ ድብልቁን አሳሱ፤ በሚኒሞ ጊዜ እሳቱን አዘገዩ፤ ሚኒሞውንም ከፍ አደረጉ። ሦስቱም ሞተር አልጠፋም እንዲል የሚረዱ ናቸው። በዚህ ምክንያት ቁልፉ ሲዘጋ የካርቡራተሩን መዝጊያ ሙሉ በሙሉ የሚለቅ የኤሌክትሪክ ማቆሚያ በብዙ የአሜሪካ መኪናዎች ላይ ተገጠመ። የቤንዚን መርፌ ካርቡራተርን ሲተካ ችግሩ ከአዳዲስ መኪናዎች ጠፋ።

የነዳጁም ታሪክ አብሮ ተለውጧል። ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦክታን ለመጨመር ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይገባ ነበር። እርሳስ ለጤና ጎጂ በመሆኑ ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አቆሙት፤ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 እ.ኤ.አ. አቆመች። ኢትዮጵያ ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ከሚሸጠው ቤንዚን ጋር 5 ከመቶ ኢታኖል መቀላቀል ጀመረች፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ወደ 10 ከመቶ ከፍ አደረገችው። የመጀመሪያው ኢታኖል የመጣው ከባኮ በስተሰሜን ባለው በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ከሚገኘው ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ነው። ኢታኖል ኦክታን ይጨምራል፤ ነገር ግን የራሱ ኦክስጅን ስላለው ያልተስተካከለ ካርቡራተር ላይ ድብልቁን ያሳሳል፤ የአሮጌ መኪና የጎማ ቱቦዎችንም ሊያረጅ ይችላል።

የናፍጣ ሞተር ሲሆን

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ ስለሌለው የሚጠፋው ነዳጁ ሲዘጋ ነው። ቁልፉ ተዘግቶ በተስተካከለ ድምፅ መሥራቱን ከቀጠለ ብዙ ጊዜ የተበላሸው በፓምፑ ላይ ያለው የማጥፊያ ቫልቭ ወይም የማጥፊያ ገመድ ነው።

ከዚህ ፈጽሞ የሚለየው የናፍጣ ሞተር ራሱ የሞተሩን ዘይት ስቦ እንደ ነዳጅ ሲያቃጥል ነው። ያን ጊዜ ዙሩ ማንም ሳይነካው እየጨመረ ይሄዳል፤ ብዙ ጭስ ይወጣል፤ ሞተሩም እስኪፈነዳ ሊደርስ ይችላል። የሚቆመው አየሩ ሲታፈን ወይም በከፍተኛ ማርሽ ሲታነቅ ነው። የአየር መግቢያውን በባዶ እጅ ለመዝጋት መሞከር እጅን ያሳጣል፤ በአቅራቢያው ያሉ ሰዎችም መራቅ አለባቸው።

ዛሬ በኢትዮጵያ

ካርቡራተር ያላቸው መኪናዎች በዓለም ዙሪያ እየቀነሱ ነው፤ የመጨረሻው ቢትል በሜክሲኮ ከፋብሪካ የወጣው በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ነው። በኢትዮጵያ ግን ቮልስና ላዳ አሁንም በመንገድ ላይ ይታያሉ። መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ማስታወቁ ደግሞ ያሉትን የቤንዚን መኪናዎች ጠግኖ ማቆየትን ይበልጥ አስፈላጊ አድርጎታል። ካርቡራተር ያላቸው ሞተር ብስክሌቶችና አንዳንድ ባጃጆችም በዚሁ መርሕ ስለሚሠሩ ብልሽቱ በእነሱም ላይ ሊታይ ይችላል። ፍተሻውም ያው ነው፤ መጀመሪያ መብራቱ፣ ቀጥሎ ሚኒሞው፣ ከዚያ ካንዴላው ይታያሉ፤ ሞተሩን መፍታት የመጨረሻው ነው።